የትኛውን መጽሐፍ እናንብብ? ስለ ሴቶች መብትና ተለዋዋጭ ድርሻ የተጻፉ ሥራዎች ሲነጻጸሩ

ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወዳሉት መጻሕፍት ሻጮች ደርሶ መመለስ፣ የአውቶቡስ ሰልፉና የቃሊቲ መንገድ ተደምሮበት፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህም የማይሆን መጽሐፍ ገዝቶ የተመለሰ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ በቀኑ ይቆጫል። እኔና ስምንት ጎረቤቶቼ ኮሙናል በምንለው የኮንዶሚኒየሙ የጋራ ቤት በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ከሰዓት እየተገናኘን ስለ ሴቶች ኑሮ የተጻፉ መጻሕፍትን ማንበብ ስንጀምር ይኸው ቁጭት ደርሶብናል። መጀመሪያ የገዛነው ስሙ የገነነውን፣ ሁሉም የሚጠቅሰውን ወፍራም የፍልስፍና ሥራ ነበር። ከዘጠኛችን አርባኛውን ገጽ የተሻገረችው አንዲት የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ብቻ ናት፤ እርሷም ብትሆን ያነበበችውን ለእኛ ማስረዳት ክፍል ገብታ ከማስተማር እንደከበዳት ነግራናለች። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሁለት ዓመታት አንብበን የጨረስናቸውን፣ ጀምረን የተውናቸውንና በቤተ መጻሕፍት ያየናቸውን ይዤ ይህን ንጽጽር ያዘጋጀሁት ለመሰል የንባብ ቡድኖች፣ ለልጆቻቸው መጽሐፍ ለሚፈልጉ ወላጆችና ብቻቸውን ለሚያነቡ ሰዎች ነው።

አስቀድሞ መመዘኛው

ምርጫውን አስቸጋሪ የሚያደርገው የመጻሕፍቱ ማነስ አይደለም፤ ፌሚኒዝም በሚለው አንድ ስም ሥር እጅግ የተለያየ ጽሑፍ መከማቸቱ ነው። የግማሽ ሰዓት ንግግር፣ በሁለት ቅጽ የታተመ ፍልስፍና፣ ልብ ወለድ፣ የእስር ትዝታና በቁጥር የታጀበ ጥናት በአንድ መደርደሪያ ይቀመጣሉ። እነዚህን በዝናቸው ብቻ ማወዳደር ጤፍንና በርበሬን በአንድ ቁና እንደ መስፈር ስለሚሆን፣ እኛ ከገንዘብ በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎችን አስቀድመናል።

የመጀመሪያው ቋንቋው ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ከሆነ ከቡድኑ ውስጥ እያነበበ የሚተረጉም ሰው መኖሩን፣ ካለም ዓረፍተ ነገሮቹ ለቃል ትርጉም የሚመቹ መሆናቸውን ማየት ይገባል። ሁለተኛው ርዝመቱና አከፋፈሉ ነው፤ ከእኛ መካከል አብዛኞቹ የሚያነቡት በአውቶቡስ ውስጥ፣ በሰልፍ ላይ ወይም ልጆች ከተኙ በኋላ መብራት ካልጠፋ ስለሆነ፣ ምዕራፉ በአንድ ቁጭታ የማያልቅ መጽሐፍ ዕድሜው አጭር ነው። ሦስተኛው ቅርበቱ ነው። ቅርበት ስል ደራሲዋ ኢትዮጵያዊት ትሁን ማለቴ አይደለም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ቤት፣ ሐዘን፣ ሠርግና ዘመድ ምን ያህል ማብራሪያ ይፈልጋል የሚለውን ነው። አራተኛው ወጪው ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ የምናከብደው አምስተኛው መመዘኛ ግን መጽሐፉ ከተዘጋ በኋላ ሰው ስለ ራሱ ኑሮ እንዲናገር ያደርጋል ወይስ ዝም ያሰኛል የሚለው ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ቃሉም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ፌሚኒዝምን አንዳንዶች እንስታዊነት ብለው ተርጉመውታል፤ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ደግሞ ሥርዓተ ጾታ የሚለው ይዘወተራል። በብዙ ቤት ግን ቃሉ ባልና ሚስትን ከማጣላት ጋር ተያይዞ ስለሚታሰብ፣ ሽፋኑ ላይ በትልቁ የተጻፈበትን መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ የማይመቻቸው አሉ። አንዷ ጎረቤታችን እንደ ተማሪ ደብተር በጋዜጣ ለብዳ ይዛው ትዞራለች። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር በግዢ ጊዜ ሊታሰብበት ይገባል። ከዚህ በታች የውጭ መጻሕፍትን ርዕስ በአማርኛ የምጽፈው ሐሳቡን ለማስረዳት ብቻ ስለሆነ፣ ሻጭ ዘንድ ሲደርሱ በደራሲዋ ስም መጠየቅ ይሻላል።

ለመግቢያ የሚሆኑ ቀጫጭን መጻሕፍት

የናይጄሪያዊቷ ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼ «ሁላችንም ፌሚኒስት መሆን አለብን» የሚለው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012 የተደረገ ንግግር ሆኖ በ2014 በመጽሐፍ መልክ የወጣ ነው። ከመመዘኛዎቻችን ሁለቱን፣ ርዝመትንና ቅርበትን፣ ያለ ችግር ያልፋል። ሌጎስ ውስጥ መኪና ለሚያስቆም ወጣት ከራሷ ቦርሳ ገንዘብ አውጥታ ስትሰጠው ምስጋናውን አብሯት ለነበረው ወንድ እንዳቀረበ የምትተርክበት ክፍል ሲነበብ ማብራሪያ የጠየቀ አልነበረም፤ ይልቁንም እያንዳንዳችን የራሳችንን ታሪክ ለመናገር ተሻማን። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በፈተና አንደኛ ወጥታ ሳለ አለቅነቱ ለወንድ ልጅ የተሰጠበት ታሪክም ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሚገባ ነው። ጉድለቱ፣ የሚናገረው በአመዛኙ ስለ ተማረችና ከተሜ ሴት መሆኑ ነው። ጉሊት የምትቸረችረው ጎረቤታችን «ምግብ ቤት የሚገባ ሰው ቅሬታ ነው» ብላ አልፋዋለች፤ ፍርዷ ትንሽ ቢከብድም መሠረት አለው።

የአሜሪካዊቷ ቤል ሁክስ «ፌሚኒዝም ለሁሉም ነው» እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ሲሆን፣ ከአዲቼ ሥራ የሚበልጠው ነገሩን ከመደብና ከዘር ጥያቄ ጋር አያይዞ በሥርዓት ስለሚያስረዳ ነው። የንቅናቄው ተቃውሞ በወንዶች ላይ ሳይሆን በጾታ ላይ በተመሠረተ ጭቆና ላይ መሆኑን በአጭር ትርጓሜ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ባሎችና ወንድሞች በሚገኙበት ውይይት ጠቃሚ ነው። ደራሲዋ ስሟን በትናንሽ የላቲን ፊደላት ብቻ መጻፏ በአገሯ ብዙ ሲያነጋግር፣ ትልቅና ትንሽ በማያውቀው በእኛ ፊደል ነገሩ ጨርሶ አይታይም። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ክርክሮች ግን ለእኛ ሩቅ ስለሆኑ ምዕራፎችን መርጦ ማንበብ ያዋጣል።

ስማቸው የገነነ ነባር ሥራዎች

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የሲሞን ደ ቦቯር «ሁለተኛው ጾታ» እ.ኤ.አ. በ1949 በሁለት ቅጽ የወጣ፣ ሴትነት በአስተዳደግና በኅብረተሰብ የሚቀረጽ እንጂ ከተፈጥሮ ብቻ የሚመነጭ አለመሆኑን በሰፊው የሚከራከር መጽሐፍ ነው። ዋጋው ትልቅ፣ ንባቡም ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። መግዛት የግድ ከሆነ አንድ ነገር ይመልከቱ፤ በ1953 የወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም ብዙ ቦታ ላይ የተቆረጠ ሲሆን፣ ሙሉው ትርጉም የታተመው በ2009 ነው። የእኛ ቅጂ የተቆረጠው ኖሮ ያን ያህል ያታከተን መሆኑን ሳስበው ይገርመኛል።

የቨርጂኒያ ዉልፍ «የራስ የሆነ ክፍል» በ1929 የታተመ አጭር ድርሰት ሲሆን፣ አንዲት ሴት ለመጻፍ የራሷ ገቢና ቁልፍ ያለው ክፍል ያስፈልጋታል ይላል። አምስት ነፍስ በአንድ ስቱዲዮ ቤት ለሚኖርበት ብሎክ ይህ አባባል ቀልድም ቁም ነገርም ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩ ግን እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ በቃል ለመተርጎም አስቸጋሪ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ለሠለጠነች ግለሰብ እንጂ ለቡድን አልመርጠውም።

ልብ ወለዶች፤ በተለይ አንደኛው

ከሁሉም በላይ ያቆየን የሴኔጋላዊቷ ማሪያማ ባ «እጅግ ረጅም ደብዳቤ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በፈረንሳይኛ የታተመ፣ በቀጣዩ ዓመት የኖማ ሽልማትን ያገኘ፣ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ መቶ ገጽ የማይሞላ ልብ ወለድ ነው። ራማቱላዬ የተባለች መምህርት ባሏ ሞቶባት በእስልምና ሥርዓት ለአራት ወር ከዐሥር ቀን በሐዘን ቤት ተቀምጣ ለባልንጀራዋ ለአይሳቱ ትጽፋለች። ባሏ ከብዙ ዓመት ትዳርና ከዐሥራ ሁለት ልጆች በኋላ የገዛ ልጃቸውን ጓደኛ አግብቶባት ነበር። በሐዘኑ ላይ ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ የባል ዘመዶች ሲገቡና ሲወጡ፣ ጎረቤት የሰማውን ሲያወራ የሚታይበት ክፍል ለእኛ ዳካር ሳይሆን ድንኳን የተተከለበት የራሳችን ግቢ ሆኖ ነው የተሰማን። ይህ ባሏ የሞተባት ሴት የምትቀመጠው የሐዘን ጊዜ፣ ዒዳ የሚባለው፣ ምን እንደሆነ ለሌሎቻችን ያስረዳችን ሙስሊም ጎረቤታችን ስትሆን፣ ከዚያ ቀጥሎ ስለ ተዝካር ወጪ የተነሣው ክርክር እስከ ምሽት ዘልቋል።

የመጽሐፉ ዋና ጥቅም ግን የሁለት ሴቶችን የተለያየ ውሳኔ ጎን ለጎን ማስቀመጡ ነው። አይሳቱ ባሏ ሁለተኛ ሚስት ሲያመጣባት ልጆቿን ይዛ ወጥታለች፤ ራማቱላዬ ቀርታለች። ደራሲዋ አንደኛዋን አሸናፊ፣ ሁለተኛዋን ተሸናፊ አድርጋ አትፈርድም። ለዚህም ነው በትዳራቸው ደስተኛ ያልሆኑም፣ ደስተኛ የሆኑም፣ የፈቱም ጎረቤቶቻችን ሳይሸማቀቁ የተናገሩት። አንዲት ትንሽ ዝርዝርም አለች፤ የራማቱላዬ ባል ለአዲሲቱ ሚስቱ ቤት ሲገዛ የብድሩ መያዣ ያደረገው በሁለቱ ቁጠባ የተሠራውንና ካርታው በስሙ የሆነውን የመጀመሪያዋን ሚስቱን ቤት ነው። ይህ ክፍል ሲነበብ ኮሙናሉ ጸጥ አለ። ከመካከላችን ስንቶቻችን የኮንዶሚኒየሙ ውል በማን ስም እንደሆነ በትክክል እንደምናውቅ የተጠያየቅነው ያን ቀን ነው። ወደዚህ ጥያቄ ኋላ እመለሳለሁ።

የመዓዛ መንግሥቴ «የጥላው ንጉሥ» እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ የሆነ ሥራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሂሩት የተባለች የቤት ሠራተኛና እመቤቷ አስቴር መሣሪያ አንሥተው የሚዘምቱበትን ታሪክ ይዟል። ታሪኩ የእኛ ቢሆንም እንግሊዝኛው ከባድ ነው፤ ንግግሮች ያለ ትእምርተ ጥቅስ ስለተጻፉ ማን እንደሚናገር ለመለየት መመለስ ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ ጾታዊ ጥቃት በግልጽ የተተረከባቸው ክፍሎች ስላሉት፣ በቡድን ከማንበብ በፊት አንድ ሰው አስቀድሞ ቢያየው ይበጃል።

በአማርኛ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በዚህ ዓይን እንደገና ቢያነበው አይጸጸትም። የሰብለ ወንጌል ዕጣ በአባቷ በፊታውራሪ መሸሻ የዘር ቆጠራ መታሰሩን ሁላችንም በፍቅር ታሪክነቱ ብቻ ነበር የምናስታውሰው። መጽሐፉ ወፍራም ቢሆንም በወጋየሁ ንጋቱ የተተረከው ድምፅ ስላለ፣ ማንበብ ለማይችሉት እማማም እንጀራ እየጋገሩ የሚከታተሉት ሆኖላቸዋል።

ትዝታና ጥናት

የሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ በእንግሊዝኛ የታተመው ትዝታ የአማርኛ መልክ ነው። በተማሪዎች ንቅናቄና በኢሕአፓ ውስጥ ያለፈችው ደራሲ፣ ለስምንት ዓመታት የታሰረችበትንም ጊዜ ጨምራ ትተርካለች። መጽሐፉ ስለ ሴቶች መብት የሚያስተምር አይደለም፤ ነገር ግን አንዲት ወጣት በፖለቲካ ውስጥ ምን እንደሰጠችና ምን እንደተወሰደባት ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ በአማርኛ አላጋጠመኝም። እናቶቻቸው የዚያ ዘመን ወጣቶች የነበሩ አንባቢዎች ቀድመው ይያዙት።

እ.ኤ.አ. በ1957 ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ» በ1942 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን፣ እኔ በሻጮች ዘንድ አላገኘሁትም፤ በቤተ መጻሕፍት መጠየቁ የተሻለ ነው። በገጠር ሴቶች ሥራና ትዳር ላይ ጥናት የሚሻ ደግሞ የሔለን ፓንክረስትን የ1992 እ.ኤ.አ. የመንዝ ጥናት ይመልከት። የጥናቱ ባለቤት ለእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት ታግለው ኋላ አዲስ አበባ ያረፉትና በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩት የሲልቪያ ፓንክረስት የልጅ ልጅ ናት። ለተማሪ እንጂ ለእሑድ ከሰዓት የሚሆን ንባብ አይደለም።

የካሮላይን ክሪያዶ ፔሬዝ «የማይታዩ ሴቶች» እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ በቁጥር የተሞላ መጽሐፍ ሲሆን፣ ይህን እንወደዋለን ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። የመኪና አደጋ መሞከሪያ አሻንጉሊቶች በወንድ አካል ልክ መሠራታቸውን፣ በስዊድን ካርልስኩጋ ከተማ በረዶ የሚጠረገው መጀመሪያ ከመኪና መንገድ መሆኑ በእግራቸው የሚሄዱትን ሴቶች እንዴት እንደጎዳ ያስረዳል። በረዶው ለእኛ ሩቅ ነው፤ ነገር ግን ሴቶች በአንድ ጉዞ ልጅ አድርሰው፣ ገበያ ገብተው፣ ሥራ ስለሚሄዱ መጓጓዣው ከቤት ወደ ቢሮ ቀጥታ ለሚሄድ ሰው ብቻ መታቀዱ እንደሚጎዳቸው የሚያትተው ምዕራፍ በከተማ ዳር ለሚኖር ሰው የዕለት ኑሮው ነው። እንግሊዝኛው ግልጽ ነው፤ ምዕራፎቹም ተነጥለው ይነበባሉ።

መጽሐፍ ያልሆነው ምርጫ

ከላይ ያቆየሁት የካርታ ጥያቄ ወደ አንድ ያልተጠበቀ ንባብ ወሰደን፤ እርሱም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። በአማርኛ የተጻፈ፣ ወጪው ከየትኛውም መጽሐፍ ያነሰ፣ የሚፈለገውን አንቀጽ ብቻ ለይቶ ማንበብ የሚቻልበት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር፤ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜም 15 ነበር። አዲሱ ሕግ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አድርጎ ቤተሰብን በእኩልነት እንዲመሩ ደነገገ። አንቀጽ 63 በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ እንደሚባል፣ አንቀጽ 68 ደግሞ የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት እንደሚያስፈልግ ይናገራል። የራማቱላዬን ታሪክ ካነበብን በኋላ ይህን ስናነብ ደረቁ የሕግ ቋንቋ ሰው ሰው ሸተተ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ይህ አዋጅ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ሲሆን፣ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ፤ ኦሮሚያም አውጥቷል። ስለዚህ ከእኛ ጥቂት ራቅ ብላ ገላን ውስጥ የምትኖር ሴት የምታነበው የክልሉን ሕግ መሆን አለበት። ፋብሪካ የምትሠራ አባል ካለች ደግሞ ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ወሊድ ፈቃድ የሚናገረውን፣ ማለትም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር የሚሰጥበትን ክፍል አብሮ ማንበብ ጥሩ ነው።

| ሥራው | ቋንቋና ክብደት | ርዝመት | ከኑሯችን ያለው ቅርበት | ወጪ | በተለይ ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| አዲቼ | ቀላል እንግሊዝኛ | በጣም አጭር | ቅርብ፣ ከተሜ | ዝቅተኛ፤ ንግግሩ በስልክ ይታያል | ለወጣቶች፣ ለጀማሪ |
| ቤል ሁክስ | መካከለኛ እንግሊዝኛ | አጭር | ከፊል | መካከለኛ | ወንዶች ላሉበት ውይይት |
| ደ ቦቯር | ከባድ | በጣም ረጅም | ሩቅ | ከፍተኛ | ለተመራማሪ |
| ዉልፍ | ከባድ | አጭር | ሩቅ | መካከለኛ | ለሥነ ጽሑፍ ወዳድ |
| ማሪያማ ባ | መካከለኛ እንግሊዝኛ | አጭር | በጣም ቅርብ | መካከለኛ | ለቡድን |
| መዓዛ መንግሥቴ | ከባድ እንግሊዝኛ | ረጅም | ቅርብ | ከፍተኛ | ለበረታ አንባቢ |
| ፍቅር እስከ መቃብር | አማርኛ | ረጅም | ቅርብ | መካከለኛ፤ ትረካው ይደመጣል | ለቤተሰብ |
| ማማ በሰማይ | አማርኛ | ረጅም | ቅርብ | መካከለኛ | ለእናትና ልጅ |
| ክሪያዶ ፔሬዝ | ግልጽ እንግሊዝኛ | መካከለኛ፣ በምዕራፍ የሚነጠል | ከፊል | ከፍተኛ | ለቁጥር ወዳድ |
| የቤተሰብ ሕግ | አማርኛ፣ ደረቅ | በአንቀጽ የሚነበብ | በጣም ቅርብ | በጣም ዝቅተኛ | ለሁሉም |

እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

ምንም ወጪ ለማድረግ የማይችል ሰው ከአዲቼ ንግግርና ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ትረካ ይጀምር፤ አራት ኪሎ ድረስ መሄድ ከቻለም በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለለት። አንድ መጽሐፍ ብቻ ለመግዛት ያዋጣ ቡድን ያለ ማመንታት ማሪያማ ባን ይግዛና የቤተሰብ ሕጉን ይጨምርበት፤ ሁለቱ አንድ ላይ የአራት ወር ውይይት ይሆናሉ። አንድ ቅጂ ለዘጠኝ ሰው አይበቃም የሚል ሐሳብ ይነሣ ይሆናል፤ እኛ ግን አንዷ እየተረጎመች ሌሎቻችን እየሰማን ስናነብ የተሻለ ገብቶናል፤ ማንበብ የማይችሉትም ከእኛ እኩል ተከራክረዋል።

ለአሥራዎቹ ዕድሜ ላለች ልጅ አዲቼን መስጠት ይበቃል፤ ለወንድ ልጅም እንዲሁ፤ እንዲያውም ለእርሱ ይበልጥ። አንብቦ እንዲመልስ ከማዘዝ ይልቅ እናትየው በልጆቹ ፊት ስታነብ መታየቷ የበለጠ እንደሚሠራ በሁለት ቤት አይቻለሁ። በጥናት ላይ ያለች ተማሪ የመንዙን ጥናት አስቀድማ ደ ቦቯርን ታስከትል። ባሏ በነገሩ የሚከፋባት ሴት ደግሞ ሽፋኑ የማይጮኽ ልብ ወለድ ብትመርጥ ነገሩ ራሱ በጊዜው ወደ ማዕድ ይመጣል።

ያገለገለ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት የገጽ ቁጥሮች በተራ መኖራቸውን፣ ፎቶ ኮፒ ከሆነም መሐል ላይ ፊደሉ አለመደብዘዙን ገልጦ ይይ። የእኛ የማሪያማ ባ ቅጂ የመጨረሻው ቅጠሉ የጎደለ ነበር፤ ይህን ያወቅነው ሁላችንም የደብዳቤውን መጨረሻ ለመስማት በተሰበሰብንበት እሑድ ነው። ነርሷ ጎረቤታችን በሳምንቱ ከሌላ ቅጂ በእጇ ገልብጣ አመጣችው፤ ዛሬ በመጽሐፉ ጀርባ በሙጫ ተለጥፎ የሚገኘው እርሱ ነው።